ተነሳሽነትና ጥልቅ ትኩረት በኦንላይን የጥናት ቡድኖች

ተነሳሽነትና ጥልቅ ትኩረት በኦንላይን የጥናት ቡድኖች በበይነ መረብ አማካይነት በጋራ የሚማሩ ሰዎች ትምህርቱን እንዲጀምሩና እንዲቀጥሉ የሚገፋፋቸውን ኃይል፣ እንዲሁም ሐሳባቸውን ሳይበትኑ ለረጅም ጊዜ በአንድ ሥራ ላይ የማቆየት ችሎታቸውን የሚመለከት ርዕስ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ የሥነ ልቦና፣ የትምህርት ሳይንስና የኮምፒውተር ሳይንስ ጥናቶች የሚገናኙበት ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው ከ2012 ዓ.ም. በኋላ ነው። በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው፣ የቴሌግራም የጥናት ቡድኖች መበራከታቸው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና አሰጣጥ መለወጡና የመውጫ ፈተና መጀመሩ ብዙ ተማሪዎችን በስልካቸው አማካይነት በቡድን ወደ ማጥናት መርተዋቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ከተማ በሆነችው አርባ ምንጭ፣ በተለይም በሲቀላ፣ ይህ ዓይነቱ አጠናን የራሱ ምቹ ጎኖችና እንቅፋቶች አሉት።

ትርጉም

ተነሳሽነት አንድን ሥራ ለመጀመርም ሆነ ላለማቋረጥ የሚያበቃ ውስጣዊ ወይም ውጫዊ ምክንያት ነው። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ ያብራሩት ንድፈ ሐሳብ ሦስት መሠረታዊ ፍላጎቶችን ይጠቅሳል። እነሱም በራስ ፈቃድ መመራት፣ «እችላለሁ» የሚል ስሜትና ከሌሎች ሰዎች ጋር መተሳሰር ናቸው። በዚህ አመለካከት መሠረት ትምህርቱን ስለሚወደው የሚያጠና ተማሪና ቅጣት ፈርቶ የሚያጠና ተማሪ ሁለቱም ተነሳሽነት አላቸው፤ የመጀመሪያው ግን ተቆጣጣሪ በሌለበትም ይቀጥላል።

ጥልቅ ትኩረት አእምሮ በአንድ ከባድ ሥራ ላይ ያለማቋረጥ የሚሠራበት ሁኔታ ነው። ሃንጋሪያዊ-አሜሪካዊው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ሰው በሥራው ተመስጦ ጊዜን የሚረሳበትን ሁኔታ አጥንቷል። እንደ እርሱ ገለጻ ይህ ሁኔታ የሚፈጠረው የሥራው ክብደትና የሠራተኛው ችሎታ ሲመጣጠኑ፣ ግቡ ግልጽ ሲሆንና ውጤቱም ቶሎ ሲታወቅ ነው። ሥራው ከቀለለ ሰውየው ይሰላቻል፣ ከከበደ ይጨነቃል። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሩ ካል ኒውፖርት እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ «ጥልቅ ሥራ» የሚለውን ስያሜ ለሰፊው አንባቢ አስተዋውቋል።

ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። ፈተናውን ለማለፍ አጥብቆ የሚፈልግ ተማሪ በየደቂቃው ስልኩን የሚያይ ከሆነ ተነሳሽነት እንጂ ትኩረት የለውም። በተቃራኒው በአንድ የፕሮግራሚንግ ችግር ላይ ሦስት ሰዓት ተመስጦ የሚቆይ ሰው ኮርሱን ለመጨረስ ፍላጎት ላይኖረው ይችላል።

ታሪክ

ከበይነ መረብ በፊት

በቡድን መማርና ብቻን ማሰብ በኢትዮጵያ የቆየ ጥምረት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰ ተማሪ ታናናሾቹን ያስተምራል። በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ጸጥ ወዳለ ቦታ ሄዶ ብቻውን ቅኔውን ያዘጋጃል፤ ይህም «ቆጠራ» ይባላል። ከዚያም ያዘጋጀውን በመምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማልም፤ ይህም «ነገራ» ይባላል። ሥርዓቱ ብቻን የሚደረግ ጥልቅ ሥራንና በሰው ፊት የሚቀርብ ውጤትን በየዕለቱ የሚያፈራርቅ ነው።

በዘመናዊ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በ2000ዎቹ ዓመታት «አንድ ለአምስት» የተባለ አደረጃጀት ተዘርግቶ ነበር። በዚህ አሠራር በትምህርቱ የተሻለ ውጤት ያለው ተማሪ አምስት ተማሪዎችን እንዲመራና እንዲያግዝ ይመደባል። ደካማ ተማሪዎችን ለመደገፍ የታሰበ ቢሆንም ከላይ ወደ ታች የተጫነ መሆኑ፣ ሥራው በአንድና ሁለት ተማሪዎች ላይ መውደቁና ከፖለቲካዊ ቁጥጥር ጋር መያያዙ ትችት አስከትሎበታል።

የኦንላይን ኮርሶች መስፋፋት

«ሙክ» እየተባሉ የሚጠሩት ለሁሉም ክፍት የሆኑ የኦንላይን ኮርሶች ስያሜያቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2008 ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ በካናዳ ባዘጋጁት ኮርስ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ 160 ሺህ ያህል ሰዎችን አስመዘገበ። በቀጣዩ ዓመት ኮርሴራና ኤድኤክስ ተመሠረቱ።

የተመዘገበው ሰው ብዛት ከሚጨርሰው ጋር ግን የሚቀራረብ አልሆነም። ጀስቲን ራይክና ሆሴ ሩይፔሬዝ-ቫሊየንቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በሃርቫርድና በኤምአይቲ የኤድኤክስ ኮርሶች እ.ኤ.አ. በ2017–18 ከተሳተፉት ውስጥ ትምህርቱን የጨረሱት 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ለምስክር ወረቀት ከከፈሉት መካከል ግን ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ጨርሰዋል። ሬኔ ኪዚልሴክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ተማሪዎቹን በአራት መድበዋቸዋል፤ እነሱም የሚጨርሱ፣ ቪዲዮ ብቻ የሚከታተሉ፣ ጀምረው የሚያቋርጡና ቀምሰው የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ ያልጨረሰ ሁሉ ተነሳሽነት አጥቷል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ የሚፈልገውን አንድ ትምህርት ወስዶ የሚሄድ ነው።

በኢትዮጵያ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገሪቱ ሲገኝ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤተሰባቸው ተሸኙ። ብዙ ተማሪዎች የኮርስ ጽሑፎችንና የፈተና ጥያቄዎችን በቴሌግራም መለዋወጥ የለመዱት በዚህ ጊዜ ነው። ሆኖም በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ በይነ መረብ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያ ዙር ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ከ150 ሺህ በላይ ተፈታኞች ተቀምጠው ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ሲሆን፣ ተማሪው አራትና አምስት ዓመት የተማረበት ዲግሪ የሚሰጠው ይህን ሲያልፍ ነው። በመንግሥትና በግል ተቋማት መካከል ያለው ልዩነትም ሰፊ ነበር፤ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህል፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17 በመቶ ያህል አልፈዋል።

ለዚህ የመጀመሪያ ፈተና ዝግጅት ይደረግ የነበረው ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተገድበው በነበሩበት ጊዜ ነው። ገደቡ በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተጥሎ አምስት ወር ያህል ቆይቷል። በእነዚህ ወራት ወደ ጥናት ቡድን ለመግባት የፈለገ ተማሪ ቪፒኤን መጠቀም ነበረበት።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረ። መርሐ ግብሩ የድር ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማት፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ኮርሶችን በነፃ ያቀርባል። ኮርሶቹን ተማሪው በራሱ ጊዜ የሚወስዳቸው በመሆናቸው እስከ መጨረሻው ድረስ የመጽናት ጥያቄ እዚህም ይነሳል።

ቡድን በተነሳሽነት ላይ ያለው ተጽዕኖ

የሰው መኖር ሥራን እንደሚለውጥ ከታወቀ ቆይቷል። ኖርማን ትሪፕሌት እ.ኤ.አ. በ1898 ብስክሌተኞች ብቻቸውን ሲሮጡ ከሚያስመዘግቡት ፍጥነት ከሌላ ሰው ጋር ሲሮጡ የሚያስመዘግቡት እንደሚበልጥ ጽፏል። ሮበርት ዛየንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ጉዳዩን ለይቶ አብራራ። የሌላ ሰው መኖር አስቀድሞ የለመድነውን ሥራ ያፋጥናል፣ አዲስና ያልለመድነውን ግን ያደናቅፋል። ለጥናት ቡድን ይህ ጠቃሚ ትርጉም አለው። አዲስ ምዕራፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ ብቻን ቢደረግ ይሻላል፤ የተነበበውን መለማመድና ጥያቄ መሥራት ግን በቡድን ሊፋጠን ይችላል።

ቡድን ስንፍናንም ሊያመጣ ይችላል። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን ሰዎች ገመድ በጋራ ሲጎትቱ እያንዳንዳቸው የሚያወጡት ኃይል ብቻቸውን ሲጎትቱ ከሚያወጡት እንደሚያንስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራ አሳይቷል። ቢብ ላታኔና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሳሳይ ነገር በማጨብጨብና በመጮኽ ሙከራ አግኝተዋል። ይህ በቡድን ውስጥ መለገም ነው። ቆይተው የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ ሲታወቅ ልግመቱ ይቀንሳል። ብዙ ሺህ አባላት ባሉት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ማን እንዳጠናና ማን እንዳላጠና አይታወቅም፤ አምስት ሰዎች በየምሽቱ የሠሩትን በሚያሳዩበት ቡድን ውስጥ ግን ይታወቃል።

ሽልማትም በጥንቃቄ የሚታይ ነው። ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባደረገው ሙከራ የእንቆቅልሽ ጨዋታ በመሥራታቸው ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም ለጨዋታው የነበራቸው ፍላጎት ቀንሷል። በቡድን ውስጥ የሚሰጡ ነጥቦች፣ ባጆችና የደረጃ ሰንጠረዦች ተማሪውን ለጊዜው ሊያነቃቁት ይችላሉ። ከታች የሚገኘው ተማሪ ግን በየቀኑ መሸነፉን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሲመለከት «እችላለሁ» የሚለው ስሜቱ ሊዳከም ይችላል።

ትኩረትን የሚበትኑ ምክንያቶች

ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲሻገር የአእምሮው ክፍል በቀድሞው ሥራ ላይ እንደሚቀር አሳይታለች። ይህም «የትኩረት ቅሪት» ይባላል። ለአንድ ደቂቃ መልእክት አይቶ ወደ መጽሐፉ የተመለሰ ተማሪ የሚያጣው ያቺን ደቂቃ ብቻ አይደለም። ግሎሪያ ማርክ በቢሮ ሠራተኞች ላይ ባደረገቻቸው ጥናቶች ሰው በአንድ ስክሪን ላይ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል እንደነበረና በኋላ ወደ 47 ሰከንድ እንደወረደ አግኝታለች።

የኦንላይን የጥናት ቡድን ልዩ ችግር መማሪያውና መዘናጊያው በአንድ ስልክ ውስጥ መሆናቸው ነው። ለጥያቄ መልስ ፍለጋ ቴሌግራም የከፈተ ተማሪ በዚያው መተግበሪያ ውስጥ የእግር ኳስ ውጤት፣ ቀልድና የጓደኛ መልእክት ያገኛል። ቡድኑ ራሱም መዘናጊያ ሊሆን ይችላል። በአንድ ምሽት በመቶዎች የሚቆጠሩ መልእክቶች የሚለዋወጥ ቡድን አባላቱን ሲያጠኑ እንዳመሹ እንዲሰማቸው ሊያደርግ ይችላል፤ የወረደ ፒዲኤፍ ግን የተነበበ ፒዲኤፍ አይደለም።

በአርባ ምንጭና በሲቀላ

አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ትገኛለች። ከተማዋ ሁለት ዋና ክፍሎች አሏት። ሴቻ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ስትገኝ፣ ሲቀላ ዝቅ ባለው በኩል ያለች የንግድ እንቅስቃሴ የሚበዛባት ክፍል ናት። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተቋቁሞ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ አደገ። ዋናውን ግቢ ጨምሮ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎና ነጭ ሳር የተባሉ ግቢዎች አሉት። የኮምፒዩቲንግና ሶፍትዌር ምህንድስና ትምህርት በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሥር ይሰጣል።

የአካባቢው አየር ንብረት በጥናት ሰዓት ላይ ተጽዕኖ ያደርጋል። የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ከባድ ንባብ ለማለዳና ለምሽት የተሻለ ይሆናል። ማለዳው ትኩረት የሚፈልገውን አዲስ ትምህርት፣ ምሽቱ ደግሞ የቡድን ውይይትን ሊይዝ ይችላል። ሲቀላ ቀን ላይ ገበያውና ተሽከርካሪው ስለሚበዛባት ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ጸጥታ የሚያገኘውም በእነዚሁ ሰዓታት ነው።

የኢንተርኔት ወጪ ሌላው ምክንያት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ የሚያጠና ሰው በአብዛኛው የሚጠቀመው የሞባይል ዳታ ነው። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ቪዲዮ በሌሊት አውርዶ ቀን ላይ ያለ ኢንተርኔት ማየት የተለመደ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ገንዘብ ከመቆጠቡ በተጨማሪ ለትኩረት ይረዳል፤ ዳታው በጠፋበት ስልክ ላይ የሚመጣ መልእክት የለምና። በሌላ በኩል ጥቅሉን ለመጨረስ ሲባል እንቅልፍ ማጣት በማግስቱ ያለውን ጥናት ይጎዳል።

በዩኒቨርሲቲው የሚማሩት ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ በመሆናቸው ክረምት ሲገባ በዶርምና በላይብረሪ የተመሠረቱ ቡድኖች ይበተናሉ። ቡድኑ በቴሌግራም ካልቀጠለ በቀር ከጨንቻ ደጋ፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የመጡ የአንድ ክፍል ልጆች የሚገናኙበት መንገድ የለም። አዲስ አበባ ከአርባ ምንጭ በመንገድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

የሰዓት አቆጣጠርም ስህተት ይፈጥራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ምሽት 2 ሰዓት» የሚባለው በስልክ ላይ 20:00 ተብሎ ይታያል። ውጭ አገር የሚኖር አባል ያለበት ወይም የውጭ ኮርስ የሚከታተል ቡድን ቀጠሮውን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይኖርበታል።

የሚመከሩ አሠራሮች

ከላይ ከተጠቀሱት ጥናቶች የሚከተሉት አሠራሮች ይመነጫሉ።

አነስተኛ ቡድን፦ ከሦስት እስከ ስድስት አባላት ያሉት ቡድን የእያንዳንዱን ድርሻ ለመለየት ያመቻል። ትልቁ ቻናል ለመረጃ፣ ትንሹ ቡድን ለጥናት ሊያገለግል ይችላል።

የተወሰነ ዕቅድ፦ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳብራራው «አጠናለሁ» ከማለት ይልቅ መቼ፣ የትና ምን እንደሚጠና መወሰን ለተግባር ያቀርባል። «ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እራት እንደበላሁ የዳታቤዝን 3ኛ ምዕራፍ እከፍታለሁ» የሚለው ለዚህ ምሳሌ ነው።

በጋራ ዝም ብሎ ማጥናት፦ አባላቱ በቴሌግራም የድምፅ ውይይት ወይም በሌላ መንገድ ተገናኝተው የሚሠሩትን ይናገራሉ፣ ድምፃቸውን ዘግተው ያጠናሉ፣ በመጨረሻም የሠሩትን ይነጋገራሉ። ብዙዎች ጊዜውን የሚከፋፍሉት ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ባወጣው «ፖሞዶሮ» በተባለው ዘዴ ነው፤ ይህም 25 ደቂቃ ሥራና 5 ደቂቃ ዕረፍት ነው። ለፕሮግራሚንግና ለሒሳብ 25 ደቂቃ ስለሚያጥር ወደ 50 ደቂቃ የሚያሳድጉት አሉ። ዳታ ለመቆጠብ ቪዲዮ ሳይከፈት በጽሑፍ ብቻ መጀመሪያውንና ማብቂያውን ማሳወቅም ይቻላል።

መጠያየቅ፦ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ያነበቡትን ደግመው ካነበቡት ይልቅ ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ስለዚህ የቡድኑ ሰዓት ማስታወሻ ለመላላክ ሳይሆን ለመጠያየቅና ለማስረዳት ቢውል ይመረጣል። ይህ ለፈተና ዋዜማ ከሚተው ቸከላ የተለየ ነው።

መልእክት የሚታይበትን ሰዓት መወሰን፦ የቡድኑን ማሳወቂያ ዘግቶ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ማየትና ስልኩን በሌላ ክፍል ማስቀመጥ የትኩረት ቅሪትን ይቀንሳል።

ለመቋረጥ መዘጋጀት፦ መብራትና ኢንተርኔት ሊጠፉ ስለሚችሉ የሳምንቱን ጽሑፍ አስቀድሞ ማውረድ፣ ስልክ ቁጥር መለዋወጥና በአካል የሚገናኙበትን ቦታ መወሰን ቡድኑ እንዳይበተን ይረዳል።

ገደቦችና ትችቶች

ተነሳሽነትን በቀላል ዘዴ ማሳደግ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ኪዚልሴክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙትና 250 ሺህ ያህል ተማሪዎችን ያካተተው ጥናት ዕቅድ የማስጻፍ ዘዴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተሳትፎን በጥቂቱ እንዳሻሻለ፣ ኮርሱን እስከ መጨረስ የዘለቀ ሰፊ ለውጥ ግን እንዳላመጣ አሳይቷል። ስልክ ጠረጴዛ ላይ መኖሩ ብቻ አስተሳሰብን ያዳክማል የሚለው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግኝትም በተከታዮቹ ጥናቶች ሁልጊዜ አልተደገመም።

ሌላው ትችት የችግሩን ምክንያት በሙሉ ወደ ተማሪው ፈቃድ መመለስን ይመለከታል። በይነ መረብ ሲቋረጥ፣ ላፕቶፕ ሳይኖር ወይም ትምህርቱ ተማሪው በደንብ በማይረዳው እንግሊዝኛ ብቻ ሲሰጥ ማቋረጥ የስንፍና ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም። በብሔራዊ ፈተና ወቅት በይነ መረብን ወይም ማኅበራዊ ሚዲያን መዝጋት በኢትዮጵያ በ2008፣ በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. ታይቷል። እርምጃው የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ነው ቢባልም ከፈተናው ጋር ግንኙነት የሌላቸውን የኦንላይን ተማሪዎችም አቋርጧል።

ቡድን ለሁሉም ሰው እኩል አይጠቅምም። ዓይናፋር የሆነ፣ ከክፍሉ ኋላ የቀረ ወይም ቤት ውስጥ የሥራ ጫና ያለበት ተማሪ በተወሰነ ሰዓት መገኘት ሊከብደው ይችላል። በቤት ውስጥ ሥራ የሚበዛባቸው ሴት ተማሪዎች በምሽት ውይይት ላይ መገኘት ሲያቅታቸው ቡድኑ ሰዓቱን ካላስተካከለ ዝምታቸው እንደ ፍላጎት ማጣት ሊቆጠር ይችላል። የድምፅ መልእክት ትቶ በሚመች ጊዜ መመለስ የሚያስችል አሠራር ለእነዚህ አባላት ይስማማል።

ደግሞ ይዩ

የርቀት ትምህርት
አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ
የአብነት ትምህርት ቤት
የመውጫ ፈተና
ቴሌግራም
ሥነ ልቦና